ዲስኩ አልሞተም፤ የተነካው ሊብሲው ነው

ከማራኪ አካባቢ የጻፈችልን ተማሪ ኡቡንቱ 22.04 (በሊኑክስ ላይ የተሠራ የኮምፒውተር ሥርዓት) የተጫነበት ላፕቶፕ አላት። አንድ ፕሮግራም ጂሊብሲ 2.38 (ባጭሩ ሊብሲ፤ ፕሮግራሞች የሚጋሩት መሠረታዊ ላይብረሪ) ካልተገኘ አልከፈትም ሲላት፣ ከኡቡንቱ 24.04 የወሰደችውን ሊብሲ 2.39 በነባሩ 2.35 ላይ ገለበጠችበት። ተርሚናሉ ወዲያው ማንኛውንም ትእዛዝ እምቢ አለ፤ አጥፍታ ስታበራው ደግሞ ከርነል ፓኒክ (የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነል መቀጠል ሲያቅተው የሚያወጣው ስሕተት) መጣ። ፒያሳ ያለ አንድ ጥገና ቤት ቡት ሎደሩን (ከርነሉን የሚያስነሣውን ፕሮግራም) እንደገና ጭኖ ሲያቅተው «ሃርድ ዲስኩ ሞቷል፤ ይቀየር» አላት። የመመረቂያ ጽሑፏ ያለው እዚያው ዲስክ ላይ ነው።

እህቴ፣ ዲስክሽ ደህና ነው ብዬ እገምታለሁ። በላክሽው ፎቶ ላይ የስሕተቱ ኮድ በ7ኤፍ00 ያበቃል። 7ኤፍ በተለመደው አቆጣጠር 127 ነው፤ ጫኚው (ፕሮግራምን ከላይብረሪው ጋር የሚያገናኘው) ላይብረሪ ሲያጣ ወይም አልገጥም ሲለው የሚያወጣው ቁጥር ነው። የሞተ ዲስክ ቢሆን የንባብ ስሕተት ይደረድር ነበር። ቡት ሎደሩም ከርነሉን አስነሥቶ ድርሻውን ጨርሷል፤ እሱን መልሶ መጫን ያላዋቂ ሥራ ነው፤ ያናድደኛል።

ከሁሉ በፊት ግን ጽሑፍሽን ወደ ሌላ ዲስክ ሳትገለብጪ ምንም ነገር አትጠግኚ።

ማሽኑ የወደቀበትን ምክንያት ልንገርሽ፤ ይህን ኮምፒውተር የሚነካ ሁሉ ቢያውቀው እወዳለሁ። ፋይል የሚዘረዝረውም፣ የሚገለብጠውም፣ ትእዛዝ የሚቀበለው ሼልም ብቻቸውን አይቆሙም። በእያንዳንዳቸው ውስጥ የአንድ ጫኚ አድራሻ ተጽፏል። ከርነሉ ፕሮግራሙን ሲያስነሣ አስቀድሞ ሥራ የሚያስጀምረው ያንን ጫኚ ነው፤ ጫኚው ሊብሲን ፈልጎ ያገናኛል፤ የፕሮግራሙ ተራ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጫኚውና ሊብሲው አብረው የተሠሩ ጥንድ ስለሆኑ የ2.35 ጫኚ ከ2.39 ሊብሲ ጋር አይግባባም። ጫኚው ራሱ ከጠፋ ደግሞ ሊኑክስ «ፋይሉ የለም» ይላል፤ ፕሮግራሙ ዓይንሽ ሥር ተቀምጦ ሳለ! የሌለው ጫኚው ነው። ማሽኑ መነሣት ጀምሮ መንገድ ላይ የሚወድቀውም ለዚህ ነው፦ ኢኒትራምኤፍኤስ (ማሽኑ ሲነሣ ከዋናው ዲስክ በፊት የሚሠራው ትንሽ ጊዜያዊ ሥርዓት) የራሱን የሊብሲ ቅጂ ይዞ ስለሚመጣ ይሠራል፤ ተራውን ለዋናው ዲስክ ሲያስረክብ ሲስተምዲ (ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስነሣው የመጀመሪያው ፕሮግራም) ይወድቃል፤ እሱ ከወደቀ ከርነሉም ይቆማል።

አሁን ወደ ሥራው። በጓደኛሽ ኮምፒውተር የ22.04ን የዴስክቶፕ ምስል (የመጫኛ አይኤስኦ ፋይሉን) በፍላሽ ላይ ጻፊ። በየመደብሩ 64 ጊጋ ተብሎ የሚሸጠውን ርካሽ ፍላሽ ተጠንቀቂ፤ እውነተኛው መጠኑ 8 የሆነ ብዙ አይቻለሁ፤ ከሞላ በኋላ የጻፍሽበትን ያበላሻል። ምስሉን ከመጻፍሽ በፊት ኤስኤችኤ256 ቁጥሩን (ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳየውን) አመሳክሪ። ከፍላሹ ስትነሺ «ትራይ» የሚለውን ምረጪ፤ «ኢንስቶል» የሚለውን በፍጹም አትንኪ። የዲስክሽን ዋና ክፍል ኤምኤንቲ በሚባለው ፎልደር ላይ ማውንት አድርጊና (እዚያ እንዲከፈት አገናኚውና) ጽሑፍሽን ገልብጪ። በሌላ ማሽን ላይ ከፍተሽም አረጋግጪ።

ቀጥሎ በዲስክሽ ላይ ሊብ የሚባለው ወደ ዩኤስአር ሊብ የሚያመለክት ሊንክ መሆኑን እዪ። ጥገና ቤቱ እውነተኛ ፎልደር አድርጎት ከሆነ በውስጡ ያለውን ወደ ዩኤስአር ሊብ አዛውረሽ ሊንኩን መልሺ። የሊብሲ ጥቅልን በቀጥታ ዲስኩ ላይ መዘርገፍም ይህንኑ ሊንክ ሊያጠፋው ስለሚችል አታድርጊው። ከፍላሹ ሲስተም ሊብሲንና ጫኚውን፣ ሁለቱንም አንድ ላይ፣ በዲስክሽ ዩኤስአር ሊብ ውስጥ ወዳለው የ64 ቢት ላይብረሪ ፎልደር (x86_64-linux-gnu) ገልብጪ። በ22.04 ሊብሲ ሶ 6 (የሊብሲው የፋይል ስም) ራሱ ፋይል ነው፤ መጠኑም ወደ 2.2 ሜጋባይት ነው፤ ሊንክ ሆኖ ካገኘሽው የተነካው እሱ ነው።

ዴቭ፣ ፕሮክና ሲስ የሚባሉትን የሥርዓት ፎልደሮች ከዲስክሽ ጋር ባይንድ አድርጊና (አያይዢና) በቸሩት፣ ማለትም ዲስክሽን እንደ ዋና ሥርዓት በሚያስጠቅመው ትእዛዝ፣ ግቢ። ሼሉ ከተከፈተልሽ ትልቁ ሥራ አልቋል። ኢንተርኔት አገናኝተሽ የሊብሲ6 ጥቅልን በአፕት (በኡቡንቱ የፕሮግራም መጫኛ ትእዛዝ) እንደገና እንዲጫን አድርጊ፤ ከፍላሹ የመጣው ቅጂ ከዲስክሽ ጥቅል በንዑስ ቁጥር ሊለይ ይችላልና። ከዚያ ኢኒትራምኤፍኤሱን አድሺ። መብራት የሚቆራረጥ ከሆነና ባትሪሽ ካረጀ በዚህ ሰዓት አትጀምሪው፤ በመካከል ከጠፋ እንደገና ከዜሮ ነው። ጽሑፍሽ ተገልብጦ ከሆነ ግን ይህም አያስፈራም፤ ካልተገለበጠ አሁኑኑ አቁሚና ገልብጪ።

2.38 ለሚፈልገው ፕሮግራም ኡቡንቱ 24.04ን በዶከር (ሌላ ሥርዓትን ለብቻው ለይቶ በሚያስኬድ መሣሪያ) ውስጥ አስነሥተሽ እዚያ አሠሪው፤ 2.39 ይዞ ይመጣል። ማሽኑ አሁንም ፓኒክ ካለ የመጨረሻዎቹን መስመሮች አጥርተሽ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ።