ጥያቄና መልስ፦ አንድ ሰርቨር ላይ ሦስት ዌብሜይል

ጣና ዳር ቡና ይዤ ቁጭ ብያለሁ፣ መብራትም እስካሁን አልጠፋም። አንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ዌብሜይል (በብሮውዘር የሚከፈት ኢሜይል) ስለማስኬድ የምትጠይቁኝ ስለበዛ ዛሬ እንጨርሰው። እኔ የምሠራው በኡቡንቱ (የሊነክስ ዓይነት)፣ በኤንጂንኤክስ (ገጾችን ለብሮውዘር የሚያቀርብ ፕሮግራም) እና በራውንድኪዩብ (ዌብሜይሉ ራሱ) ነው።

ጥያቄ፦ ደንበኞቼ ሦስት ሎጆች ናቸው፣ ያለኝ አይፒ (የሰርቨሩ የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) ግን አንድ ነው። ልጨምር?

ኧረ ብርህን አታባክን! ብሮውዘሩ ገና ሲመጣ የፈለገውን ዶሜይን (የድረ ገጹን ስም) ይናገራል፣ ኤንጂንኤክስ ደግሞ ስሙን አይቶ ወደየፎልደሩ ይመራዋል። ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ በለው፣ ዘበኛው «ማንን ፈልገህ ነው?» ብሎ ነው የሚያስገባህ። ለእያንዳንዱ ዶሜይን የራሱን ሰርቨር ብሎክ (በኤንጂንኤክስ ኮንፊግ ውስጥ ያለ ክፍል) ጻፍ። የማይታወቅ ስም ይዞ የመጣ እንግዳ፣ ዲፎልት ካልሰየምክ፣ መጀመሪያ ወደተጻፈው ብሎክ ይገባል። ለእሱ ባዶ ብሎክ ሥራለት።

ጥያቄ፦ አንዱን ራውንድኪዩብ ኮፒ አድርጌ በአንድ ዶሜይን ሥር በሁለት ፎልደር አስቀመጥኩት። አንዱ ጋ ስገባ ከሌላው ያስወጣኛል፣ ምን ላድርግ?

እህቴ፣ ይሄ እኔንም አንድ ሙሉ ሌሊት አስቀርቶኛል። ፓስዎርድ ስቀይር፣ ዳታቤዝ ሳጠፋ አድሬ ለካ ችግሩ ኩኪው (ብሮውዘሩ ማን እንደገባ የሚያስታውስበት ትንሽ መረጃ) ነው። ኮፒ ስታደርጊ የሁለቱም ሴሽን ኩኪ አንድ ስም ይይዛል፣ ዶሜይኑም አንድ ስለሆነ አንዱ የሌላውን ይደመስሳል። የኩኪውን ስም መቀየር ይቻላል፣ እኔ ግን ለእያንዳንዱ የራሱን ሰብዶሜይን (በዋናው ዶሜይን ፊት ሌላ ስም የተጨመረበት) ስጪው ነው የምለው። ዳታቤዙም የየራሱ ይሁን። ኮንፊጉ ውስጥ ያለችውን 24 ፊደል ሚስጥራዊ ቁልፍም ኮፒ አድርገሽ እንዳትተዪያት፣ ለየብቻ አዲስ ፍጠሪ።

ጥያቄ፦ ግን የግድ ሦስት መጫን አለብኝ?

ይሄን ቀድሞ የሚጠይቅ የለም! ራውንድኪዩብ በመጣው ዶሜይን ስም የተለየ የኮንፊግ ፋይል ማንበብ ይችላል። የሚለየው ሎጎውና የሜይል ሰርቨሩ ብቻ ከሆነ አንድ ጭነህ ተገላገል። ደንበኞቹ የማይተማመኑ ከሆነ፣ ወይም አንዱ የራሱን ፕለጊን (ተጨማሪ ማሟያ) ካልጫንኩ ካለ፣ ያኔ ለይ። ስትለይ ደግሞ ከልብህ ለይ፦ ለእያንዳንዱ የራሱ የሊነክስ ተጠቃሚ፣ የራሱ የፒኤችፒ ፑል (ራውንድኪዩብ የተጻፈበትን ፒኤችፒ የሚያስኬዱ ሂደቶች ስብስብ)። ሁሉንም በአንድ ተጠቃሚ ካስኬድክ አንዱ ሲሰበር የሦስቱም የዳታቤዝ ፓስዎርድ ይነበባል። ራም ካነሰህ ፑሉን ሲጠሩት ብቻ እንዲነሳ አድርገው።

ጥያቄ፦ የሎጁ ልጅ የክፍል ፎቶ ሲያያይዝ 413 (የተላከው በጣም ትልቅ ነው የሚል ስህተት) ይለዋል።

ኤንጂንኤክስ ካልነገርከው ከ1 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም። እሱን ከፍተህ ደስ እንዳይልህ፣ ፒኤችፒም ለአንድ ፋይል 2፣ ለጠቅላላው 8 ብሎ ይጠብቅሃል። ሦስቱንም አስተካክል። ፋይሉ በኢሜይል ሲሄድ መጠኑ በሲሶ ያህል እንደሚያብጥም አስብበት።

ጥያቄ፦ ሰርተፊኬትስ?

ለኤችቲቲፒኤስ (ለተመሰጠረ ግንኙነት) የሚያስፈልገውን ሰርተፊኬት ሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ ይሰጣል። 90 ቀን ነው የሚቆየው፣ ሰርትቦት የሚባለው ፕሮግራም ራሱ ያድሰዋል።

ጥያቄ፦ የማሻሻያው ጣጣ አይበዛም ወይ ልጄ?

ይበዛል ጋሼ፣ አልዋሽዎትም። ሰኔ 2025 በፈረንጅ፣ ራውንድኪዩብ ላይ ከባድ የደህንነት ቀዳዳ ተገኝቶ ማስተካከያው ቨርዥን 1.6.11 ሲወጣ፣ ሦስት የጫነ ሰው ሦስቴ ማደስ ነበረበት። አንዱን ከረሱት ያው በሩ ክፍት ነው። የትኛው ዶሜይን ላይ ስንተኛው ቨርዥን እንዳለ ደብተር ላይ ይጻፉልኝ፣ መጫኛውን ፎልደርም ሲጨርሱ ያጥፉት።