የ1966 ሙስታንግ ሲ-4 ካምቢዮን ከ1972ቱ ጋር ማዋሃድ፦ የትኛው ዕቃ ከየትኛው ጋር ይሄዳል?

ሰላም ወንድማችን። ጥያቄህን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው፦ 289 ሞተር ያለው የ1966 ሙስታንግ አለህ፤ የሲ-4 አውቶማቲክ ካምቢዮው የኢንፑት ዘንግ ጥርሱ ተበልቷል፤ በ302 ሞተር ይሠራ ከነበረ የ1972 ማቨሪክ የወጣ ሌላ ሲ-4 ገዝተሃል፤ ከሁለቱ ደህና ደህናውን መርጠህ አንድ ካምቢዮ መሥራት ትፈልጋለህ። ይቻላል። ግን ገንዘብና ጊዜ የሚበላው ይኸው "ደህና ደህናውን መምረጥ" የሚባለው ነገር ነው። ሲ-4 ውስጥ ዕቃ ለብቻው አይመረጥም፣ ከነዘመዱ ነው የሚነሳው። የኢንፑት ዘንግ (ከኮንቨርተሩ ኃይል ወደ ካምቢዮው የሚያስገባው) ከፎርዋርድ ክላች ድራም (የወደፊት ማርሾችን ክላች ከያዘው ከበሮ)፣ ከፖምፓውና ከኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ከሚያስተላልፈው) ጋር፤ ቫልቭ ቦዲ (የዘይቱን ግፊት ወደየማርሹ የሚመራው) ከካምቢዮው ቤት ጋር፤ ቤልሃውዚንግ (ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ሽፋን) ከፍሌክስፕሌቱና (ከሞተሩ ኋላ ያለው ባለ ጥርስ ሳህን) ከኮንቨርተሩ ቡሎኖች ጋር። ስለዚህ መጀመሪያ አንዱን ካምቢዮ መሠረት አድርግ፣ ከሌላው የምትወስደውን ከዚያ ወስን። በእኔ አስተያየት መሠረቱ የ1972ቱ መሆን አለበት። ምክንያቱን ከታች ታየዋለህ።

ከመፍታትህ በፊት ሁለቱም በእርግጥ የተባሉት ዓመት መሆናቸውን አረጋግጥ። የፎርድ መለያ ሳህን በመካከለኛው ሰርቮ (በዘይት ግፊት ባንዱን የሚያጠብቅ ፒስተን) ክዳን ቡሎን የተያዘች ትንሽ ብረት ናት፣ ብዙ ጊዜ ወድቃ ጠፍታለች። ቤቱ ላይ ያለው የቅልጥ ቁጥር (ብረቱ ሲቀለጥ አብሮ የወጣው) ደግሞ በሲ (C) ከጀመረ የ1960ዎቹ፣ በዲ (D) ከጀመረ የ1970ዎቹ ነው፤ ቀጥሎ ያለው አኃዝ ዓመቱን ይነግርሃል፤ ዲ0 ማለት 1970 ነው። ይህ ግን ዲዛይኑ የወጣበት ዓመት እንጂ ካምቢዮው የተገጠመበት አይደለም። ደግሞም እነዚህ ካምቢዮዎች ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ሰው ሲከፍታቸውና ሲቀላቅላቸው ኖሯል። ቁጥሩን አትመን፣ ጥርሱን ቁጠር።

ዋናው ጉዳይ ዘንጉ ነው። ከ1964 እስከ 1969 የተሠሩት በሁለቱም ጫፍ 24 ጥርስ ያላቸው፣ 0.788 ኢንች ውፍረት ያላቸው ዘንጎች ናቸው፤ የቀድሞው ሲ-4 ትልቁ ድክመት ይህ ቀጭን ዘንግ ነው፣ ያንተም የተበላው በዚሁ ነው። በ1970 ፎርድ ወደ 0.839 ኢንች አወፈረው፦ በኮንቨርተሩ በኩል 26፣ በድራሙ በኩል 24 ጥርስ። ከ1971 ጀምሮ በሁለቱም በኩል 26 ሆነ። ስለዚህ የ1972ቱን ዘንግ አውጥተህ በ1966ቱ ድራም ውስጥ ልክተት ብትል አይገባልህም፤ የ1966ቱ ኮንቨርተርም የ26ቱን ጥርስ አይቀበልም። ዘንጉን ከወሰድክ ድራሙንም ፖምፓውንም ውሰድ፣ ኮንቨርተሩንም ባለ 26 ግዛ።

የመጀመሪያውን ቤት ለመኪናው ታሪክ ብለህ ማቆየት ከፈለግህ አንድ መንገድ አለ፦ የ1970ዋን 26/24 ዘንግ ፈልግ። ከ24 ጥርስ ድራምህ ጋር ትገጥማለች፣ ጥንካሬዋም ከድሮው ይሻላል፣ ኮንቨርተሩን ብቻ ወደ 26 ትቀይራለህ። ኮንቨርተሩን ከማዘዝህ በፊት ግን ዘንጓን በፖምፓው የስቴተር ቱቦ ውስጥ በእጅህ አሳልፈህ አዙራት፤ ቦኮላውን ሳትነካ በነፃ መዞር አለባት።

ወደ ቫልቭ ቦዲ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚጠመደው እዚህ ነው። ከ1964 እስከ 1966 ያለው "ግሪን ዶት" የሚባለው ነው፦ ፒ፣ አር፣ ኤን፣ ትንሽ ነጥብ፣ ትልቅ አረንጓዴ ነጥብ፣ ኤል። በትልቁ ነጥብ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ራሱ ይቀይራል፤ በትንሿ ከሁለተኛ ይነሳል። ከ1967 ጀምሮ ሴሌክት ሺፍት መጣ፦ ፒ፣ አር፣ ኤን፣ ዲ፣ 2፣ 1። የ1967-69 ቫልቭ ቦዲ በ1964-66 ቤት ላይ ይገጥማል። የ1970ና ከዚያ በኋላ ያለው ግን በቀድሞው ቤት ላይ አይገጥምም፣ የቡሎኑ አቀማመጥ ተቀይሯል። ቡሎን ግማሹ ገባ ብለህ የቀረውን ቀዳዳ ቦርተህ ለማስገባት አትሞክር፤ የዘይት መተላለፊያዎቹ ካልተገጣጠሙ ግፊቱ ወደማይገባው ቦታ ይሄዳልና ክላቹ ይቃጠላል። የቫልቭ ቦዲ ጓርኒሲዮንም በመኪናው ዓመት ሳይሆን በቤቱ ዓመት ነው የሚታዘዘው።

የ1972ቱን በሙሉ ስትገጥም የማርሽ ምልክትህ ላይ ያለው ጽሑፍ ውሸት ይሆናል። ከኤን ቀጥሎ ያለችው ትንሿ ነጥብ ዲ ትሆናለች፣ ትልቁ አረንጓዴ ነጥብ ደግሞ 2። መኪናውን በድሮው ልማድ በትልቁ ነጥብ የሚነዳ ሰው ሀይዌይ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ብቻ ይሄዳል፣ ካምቢዮውም ሞተሩም ይግላሉ። ከአንተ ሌላ መኪናውን የሚነዳ ሰው ካለ ይህን ንገረው፣ ወይም ምልክቱን ቀይር። ሞተሩ የሚነሳው በፒና በኤን ብቻ መሆኑንም አረጋግጥ።

ቫኩም ሞዱሌተሩም (በሞተሩ ቫኩም የማርሽ ቅያሪውን የሚቆጣጠረው) ከቤቱ ጋር ነው የሚሄደው፦ የቀድሞው እንደ ቡሎን ተጠምዝዞ የሚታሰር ነው፣ የኋለኛው ተገፍቶ ገብቶ በማሰሪያ የሚያዝ። ሲወጣ ከኋላው ያለችው ቀጭን ዘንግ ወድቃ ትጠፋለች፤ የሌላውን ዘንግ አትጠቀም፣ የራሱን መልስለት። ሰርቮም እንዲሁ ነው፦ የመካከለኛው ሰርቮ ክዳን ላይ ፊደል ተመትቶበታል፣ ስፋቱ እንደ ሞተሩ ይለያያል። ክዳኑንና ፒስተኑን እንደ ጥንድ አንሳቸው፣ የአንዱን ክዳን ለሌላው ፒስተን አታድርግ።

ከ1966ቱ የምትወስደው ቤልሃውዚንግ፣ ፍሌክስፕሌት፣ የዘይት መለኪያ ቱቦና የማርሽ ክንድ ነው። የ1966 ቤልሃውዚንግ ከሞተሩ ጋር በ6 ቡሎን ነው የሚታሰረው፤ ባለ 5 ቡሎን ካገኘህ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ሲ-4 ሁለት ዓይነት ዘይት መሙያ አለው፦ ቱቦው ኮፓው (የታችኛው የዘይት መያዣ) ላይ የሚገባና ቤቱ ላይ የሚገባ። በሁለቱ መካከል ቤልሃውዚንግ መቀያየር አይታመንምና ፖምፓው ላይ አስቀምጠህ ሁሉም ቡሎን መቀመጡን በዓይንህ እይ። ፍሌክስፕሌት 157 ወይም 164 ጥርስ ነው፤ ከቤልሃውዚንጉ ጋር ካልተስማማ ሞተሪኖው ይፈጫል ወይም አይደርስም። የኮንቨርተሩ ቡሎኖች ክብም ሁለት ዓይነት ነው፣ ወደ 10.5 እና ወደ 11.4 ኢንች የሚጠጋ፤ አዲሱን ከማዘዝህ በፊት ለካ። ሚዛኑን (ሞተሩ እንዳይንቀጠቀጥ ፍሌክስፕሌቱ ላይ ያለውን ክብደት) ደግሞ አትርሳ፦ 289ም የ1972ቱ 302ም 28 አውንስ ናቸው። ከ1982 ጀምሮ ያለው 5.0 ሞተር 50 አውንስ ነው፤ የእርሱ ፍሌክስፕሌት ቢገጥምልህም ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታውንም ይጨርሳል።

አሮጌውን ኮንቨርተር መልሰህ አትግጠም። ጥርስ ከተበላበት ካምቢዮ የወጣ ብረት ውስጡ ተቀምጧል፣ ታጥቦ አይወጣም። የራዲያተሩን ዘይት ማቀዝቀዣና ቱቦዎቹንም በሁለቱም አቅጣጫ እጠብ።

ስትገጣጥም አዲሶቹን የክላች ዲስኮች ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በካምቢዮ ዘይት ንከር። ክፍተቱን በፊለር ጌጅ ለካ፦ ሪቨርስ-ሃይ ክላች (የኋላ ማርሽንና ሦስተኛን የሚይዘው) ከ0.050 እስከ 0.071 ኢንች፣ ፎርዋርድ ክላች ከ0.025 እስከ 0.050 ኢንች። ከወጣ የማሰሪያ ቀለበቱን በሌላ ውፍረት ቀይር። ከዚያ የሙሉውን ካምቢዮ የፊትና ኋላ እንቅስቃሴ በዳያል ጌጅ እይ፤ ከ0.008 እስከ 0.042 ኢንች መሆን አለበት። ከሁለት ካምቢዮ የተሰበሰበ ዕቃ ላይ ይህ ልኬት አይታለፍም፤ ድራሙ ከአንዱ፣ ፖምፓው ከሌላው ከሆነ የድሮው ሮንዴላ ውፍረት ከእንግዲህ ትርጉም የለውም። ከጠበበ ሮንዴላው ይቃጠላል፤ ከሰፋ ዘንጉ ፊትና ኋላ እየተመታ ቀለበቶቹን ይበላል።

ቫልቭ ቦዲውን ከመግጠምህ በፊት በቤቱ የዘይት ቀዳዳዎች ዝቅ ባለ ግፊት፣ በ30 ፒኤስአይ አካባቢ፣ ደረቅ አየር ስጥ። ክላቹ ሲይዝ "ዱብ" የሚል ድምፅ ትሰማለህ፤ ባንዱ (ድራሙን ዙሪያውን አንቆ የሚይዘው ቀበቶ) ሲጠብቅ በዓይን ይታያል። የሚያፏጭ ብቻ ከሆነ የፒስተኑ ማሸጊያ ጎማ ተቆርጧል፣ አሁኑኑ መልሰህ ፍታው። የቫልቭ ቦዲ ቡሎኖች ከ80 እስከ 120 ኢንች-ፓውንድ ብቻ ናቸው፤ ከዚያ ካለፈ ቫልቮቹ ይጣበቃሉ።

የባንድ ማስተካከያ፦ የፊተኛው በግራ በኩል፣ የኋለኛው በቀኝ በኩል ነው። አሮጌውን ዳዶ ጣል፣ አዲስ ተጠቀም። ሁለቱንም በ10 ፉት-ፓውንድ አጥብቅ፣ ከዚያ የፊተኛውን 1 ዙር ከሦስት ሩብ፣ የኋለኛውን 3 ዙር ፍታ። ቡሎኑን ይዘህ ዳዶውን ከ35 እስከ 45 ፉት-ፓውንድ እሰር። ሁለቱን ቁጥር አታቀያይር፤ ፊተኛውን 3 ዙር የፈታ ሰው ሁለተኛ ማርሽ ይሾልክበታል። ማስተካከያውን አብዝቶ መፍታትም የባንዱን ድጋፍ ብረት ወደ ኮፓው ይጥለዋል።

የሲ-4 የኢንፑት ዘንግ በምንም አልታሰረም፣ ሲጎተት ይወጣል፤ ካምቢዮውን ወደፊት አታዘንብል። ኮንቨርተሩ ውስጥ አንድ ሊትር ያህል ዘይት ጨምር፣ እያዞርክ ግፋ፤ በስቴተሩ፣ በዘንጉና በፖምፓው ላይ በየተራ መውደቅ አለበት። ቤልሃውዚንጉ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ሲነካ ኮንቨርተሩ አሁንም በእጅ የሚዞር፣ ከፍሌክስፕሌቱም ትንሽ ክፍተት ያለው ይሁን። ቡሎን እያጠበቅህ የምታቀራርበው ከሆነ ቁም፤ ፖምፓው ይሰበራል።

ዘይቱ ታይፕ ኤፍ ነው። 5 ኳርት ጨምረህ ሞተሩን አስነሳ፣ ማርሹን በየቦታው አሳልፈው፣ በፒ ላይ እያስነሳህ ሙላ፤ መጨረሻ ላይ ሲሞቅ ለካ። የኮንቨርተሩ መጠን ስለሚለያይ ጠቅላላው ከ8 እስከ 10 ኳርት ይደርሳል።

ስትነዳው ችግር ካለ እንዲህ አንብበው፦ የኋላ ማርሽና ሦስተኛ አብረው ከጠፉ ሪቨርስ-ሃይ ክላች ነው። የኋላ ማርሽ ብቻ ከጠፋ፣ በ1 ላይም ነዳጅ ስትለቅ ሞተሩ መኪናውን ካልያዘ የኋለኛው ባንድ ነው። ወደፊት ሁሉም ከጠፋ፣ ኋላ ግን ከሄደ ፎርዋርድ ክላች ነው። ዘግይቶ እየገረፈ ከቀየረ የሞዱሌተሩን የቫኩም ቱቦ እይ፤ ነጭ ጭስ ወጥቶ የካምቢዮው ዘይት ከቀነሰ ደግሞ የሞዱሌተሩ ሽፋን ተቀዶ ሞተሩ ዘይቱን እየመጠጠ ነው። የፍጥነት መለኪያው ከተሳሳተ የ1972ቱ ኋላ ዘንግ ላይ ያለው ማርሽ ጥርሱ የተለየ ስለሆነ ነው፤ ከኬብሉ ጫፍ ያለችውን የፕላስቲክ ማርሽ በሌላ የጥርስ ቁጥር ቀይራት።

ፖምፓውንና ሁለቱን ድራሞች አጥበህ ፎቶ ላክልን፣ የቅልጥ ቁጥሩም ይታይ። የኮንቨርተሩን ክብ ለክተህ ከነገርከን የትኛውን ማዘዝ እንዳለብህ እዚሁ እንነጋገራለን።