ከክሬዮን በፊት ወረቀት፦ ልጆቻቸውን ቤት ለሚያስተምሩ ጥያቄና መልስ

ሦስት ልጆቼን ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት ማስተማር ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ጁላይ በገባ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። ምን ልግዛ፣ ስንት ልግዛ፣ የቱ ይሻላል። ዘንድሮ ጥያቄዎቹን ሰብስቤ በአንዴ ልመልስ አልኩ። አስተማሪ ሆኜ አልተመረቅኩም። የማውቀውን ያወቅኩት በአብዛኛው ገንዘብ አባክኜ ነው።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ)፦ የ6 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉኝ። ዘንድሮ ሆምስኩል ልጀምር ነው። 200 ዶላር መድቤያለሁ። ምን ምን ልግዛበት?

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘቡን ለጊዜው ቦርሳሽ መልሺው። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ቤቴን ትምህርት ቤት ላስመስል ብዬ ተነሳሁ። ግድግዳውን በፖስተር ሞላሁት። ቅናሽ አየሁና 40 ስቲክ ኮላ ገዝቼ ጋራዥ ከተትኩ። በሙቀቱ ከርሞ ሳወጣው ግማሹ ደርቆ ጠመኔ መስሏል። ፖስተሩን ደግሞ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ቀና ብሎ ያየው የለም።

መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ቤት ባለው ነገር አስተምሪ። ፍሪጁ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፊ። ያለቀውን፣ የጠፋውን፣ ልጆቹ የተጣሉበትን እየጻፍሽ ሂጂ። የምትገዢው እሱን ነው። እኛ ቤት ሁልጊዜ የሚያልቀው ወረቀት፣ እርሳስና ላጲስ ነው። መቀስና ማስመሪያው ግን ስምንት ዓመት ሙሉ እነዚያው ናቸው።

ከዚያ ከ200ው 80 ያህሉን አውጪ። ሁለት ደርዘን እርሳስ፣ አንድ ደስጣ የፕሪንተር ወረቀት (500 ቅጠል ነው)፣ ለየልጁ አራት አራት ደብተር፣ ክሬዮን፣ የውሃ ቀለም፣ ጥሩ የሥዕል ወረቀት። በእጅ የሚዞር ጠንካራ መቅረጫም ጨምሪ። በባትሪ የሚሠራውን ተዪው፤ ልጆቹ እርሳሱን ለጨዋታ ሲሉ ቀርጸው ይጨርሱታል። የቀረው ገንዘብ ለጃንዋሪ ይቆይ። ልጅሽ ምን እንደሚወድ በደንብ የምታውቂው ያኔ ነው።

እግረ መንገዴን፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት እንደምታስተምሪ ለአካባቢሽ ትምህርት ቢሮ የምታሳውቂበት ቀነ ገደብ ኦገስት 15 ነው። ከክሬዮኑ በፊት እሱን ጨርሺ።

ጥያቄ (ከውድብሪጅ)፦ ታክስ የማይከፈልበትን ቀን ልጠብቅ ወይስ አሁን ልግዛ?

መልስ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ በኦገስት የመጀመሪያው ዓርብ ይጀምርና እሑድ ያበቃል። ዋጋው ከ20 ዶላር ያልበለጠ የትምህርት ዕቃ ታክስ አይከፈልበትም። ክሬዮኑም፣ ቀለሙም፣ ብሩሹም ይገባበታል። ልብስና ጫማ ደግሞ እያንዳንዱ እስከ 100 ዶላር ነው።

ሜሪላንድ ያላችሁ እንዳትሳሳቱ። የእናንተው ከኦገስት ሁለተኛ እሑድ እስከ ቅዳሜ ነው፤ ግን ለልብስና ለጫማ እንጂ ለደብተር አይደለም። ከጀርባ ቦርሳም ነፃ የሚሆነው የመጀመሪያው 40 ዶላር ብቻ ነው።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ ግን ታክሱን ያን ያህል አታሳድዱት። ሰሜን ቨርጂኒያ ታክሱ 6 በመቶ ነው። የ50 ዶላር ዕቃ ብትገዙ የሚተርፋችሁ 3 ዶላር ነው። ለ3 ዶላር ብሎ ሁለት ሕፃን ይዞ ሰልፍ መቆም እኔ አልችልበትም። ትልቁ ቅናሽ የሱቆቹ ነው። ከጁላይ አጋማሽ ጀምሮ ገበያተኛ ለመጥራት ደብተርና ክሬዮን በሳንቲም ይሸጣሉ። ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ደግሞ የተረፈውን ያራግፉታል። እኔ የዓመቱን ደብተር የምገዛው ያኔ ነው። ቤት ማስተማር እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ አስተማሪ የላከው ዝርዝር የለም፣ የደብተሩ ሽፋን ሐምራዊ ሆነ ቢጫ የሚቆጣ የለም።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ሜሪላንድ ውስጥ ሥዕል ማስተማር ግዴታ ነው አሉኝ። እኔ ደግሞ ቤት እንኳ መሳል አልችልም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እውነታቸውን ነው። ሜሪላንድ ውስጥ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ትምህርት፣ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት ማስተማር አለብሽ። በትምህርት ቢሮው ክትትል ሥር ከሆንሽ ልጁ የሠራው ተሰብስቦ በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ሊታይ ይችላል።

ስለዚህ ለአንቺ ከቀለም በፊት የሚያስፈልግሽ ክላሴር ነው። ወፍራም፣ ባለ ሦስት ቀለበቱን ግዢ። ወረቀት የሚከተትባቸውን ላስቲኮችም ጨምሪ። እያንዳንዱ ሥዕል ጀርባ ላይ ቀኑንና ልጁ ምን እንደተማረበት በእርሳስ ጻፊ። ክላሴር ውስጥ የማይገባውን ፎቶ አንሺው። እኔ የማውቃት አንዲት እናት ዓመት ሙሉ ሥዕል አሠርታ አንዱንም ሳታስቀምጥ ቀርታ፣ ሊታይ ሦስት ቀን ሲቀረው ልጆቹን እንደ ፋብሪካ ስታሠራቸው ሰነበተች።

አልችልም ስላልሽው፣ መሳል ያለበት ልጁ ነው። ሜትሮ ይዛችሁ ዲሲ ግቡ። የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያ አይከፈልባቸውም፤ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየሙም እዚያው ነው። ደብተርና እርሳስ ይበቃል፤ ቀለሙ ቤት ይቅር። አንድ ነገር መርጦ ፊቱ ቁጭ ብሎ ይሳል።

ሌላም አለ። የድሮ የብራና መጻሕፍት ገጽ አናት ላይ ያለውን ሐረግ አይተሻል? እርስ በርሱ የሚጠላለፈውን፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ የተቀባውን። በካሬ ደብተር አንዱን ጥግ ይሥሩና ሌላውን ጥግ በተቃራኒው እንዲደግሙት አድርጊ። እኛ ቤት ሦስት ሳምንት ፈጀ። በመሀል ሒሳብም ተማሩበት፣ እኔም ከእነሱ ጋር ተማርኩ።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ክሬዮላ የሚባለውን ክሬዮን ልግዛ ወይስ ርካሹን?

መልስ፦ ክሬዮላውን። ርካሹ ብዙውን ጊዜ ሰሙ በዝቶ ቀለሙ ያነሰ ነው፤ ልጁ እየተጫነ ይሰብረዋል። በቅናሽ ወቅት የዋጋው ልዩነት ሳንቲም ነው። 24ቱ ይበቃል። በ1903 የመጀመሪያው ሳጥን ሲወጣ የያዘው ስምንት ቀለም ብቻ ነበር፣ ዋጋውም 5 ሳንቲም። 120 ያለበትን ገዝቼ ያተረፍኩት ጠብ ነው። መኪና ውስጥ ብቻ አትርሺው። የኋላ ወንበራችን እስከ ዛሬ ሰማያዊ ነው።

ጥያቄ (ከአሽበርን)፦ የትኛው ቀለም ከልብስ ይለቃል?

መልስ፦ የውሃ ቀለምና ታጥቦ ይለቃል የሚል የተጻፈበት ቴምፐራ (ወፈር ያለው የልጆች ቀለም)። አክሪሊክን ከአሥር ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጪ። ከደረቀ ፕላስቲክ ነው፤ ሳሙና አያውቀውም። እኔ በአንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዬን ወንበር ላይ ጥዬ ቡና ላፈላ ዞር አልኩ። ነጠላው አሁን የጠረጴዛ ጨርቅ ሆኗል። ከመግዛትሽ በፊት ደግሞ ዕቃው ላይ ኤፒ (AP) የሚል ክብ ምልክት ፈልጊ። ለጤና ጎጂ አይደለም ማለት ነው።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)፦ ልጄ በውሃ ቀለም ሲስል ወረቀቱ ይጨማደዳል፣ ይቀደዳል። ተናዶ ይተወዋል። ቀለሙ ነው ጥፋቱ?

መልስ፦ ወረቀቱ ነው። ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን ቀለም ላይ ይጨርስና በፕሪንተር ወረቀት ያስስላል። የፕሪንተር ወረቀት በካሬ ሜትር 75 ግራም ገደማ ነው። የውሃ ቀለም ወረቀት 300 ግራም። አሜሪካ ውስጥ ሽፋኑ ላይ 140 ፓውንድ ተብሎ ይጻፋል። አራት እጥፍ ነው! ውሃውን ይሸከማል። ቀለሙ ርካሽ ሆኖ ወረቀቱ ጥሩ ከሆነ ሥዕሉ ያምራል። ተቃራኒው አይሠራም።

ውድ ነው ካልሽ እያንዳንዱን ቅጠል አራት ቦታ ቁረጪው። ለትንሽ ልጅ ትንሽ ወረቀት ይሻላል፤ ሳይሰለች ይጨርሰዋል። ለልምምድና ለጭረት ደግሞ ጥቅል ወረቀት አለ። ኢኬያ 30 ሜትር የሚሆነውን ይሸጣል። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እዚያው መሳል ነው።

ብሩሽ ሁለት በቂ ነው፣ አንድ ቀጭን አንድ ወፍራም። ከተጠቀሙበት በኋላ ጠጉሩን ወደ ላይ አድርገው ያቁሙት። ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ተዘቅዝቆ ካደረ ይጣመማል።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ የልጅ ልጆቼን ፊደል ላስቆጥር ፈልጌ ነበር። እዚህ አገር የፊደል ገበታ ፈልጌ አጣሁ። ምን ብገዛ ይሻላል?

መልስ፦ አባቴ፣ ገበታውን እርስዎ ይሥሩት። ባዶ ካርድ በመቶ በመቶ እየታሸገ ይሸጣል። ሦስት ጥቅል ይግዙ። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። 69 ካርድ ይተርፍዎታል፤ ለነ ቋና ጓ ይሆናል።

ሰባት ቀለም ማርከር ይያዙ። ግዕዙን በአንድ ቀለም፣ ካዕቡን በሌላ፣ እንዲህ እያሉ እስከ ሳብዕ። ያኔ ልጆቹ ሁ፣ ሉ፣ ሙ ድምፃቸው እንደሚመሳሰል በቀለሙ ይለዩታል። በሳምንት አንድ ቤት ከያዙ 33 ሳምንት ነው። ማርከሩ ጫፉ ሹል ሳይሆን ጠፍጣፋ ይሁን። የእኛ ፊደል አንዱ ጎኑ ወፍራም ሌላው ቀጭን የሚሆነው በብርዕ ስለተጻፈ ነው፤ በሹል ጫፍ ያ መልክ አይመጣም።

ጉልበት ካለዎት ደግሞ የአትክልት መደገፊያ ቀርከሃ ይግዙና ጫፉን ቀርጸው ብርዕ ያድርጉት። ጥቁርና ቀይ ቀለም ያቅርቡላቸው። ቀዩ ለቅዱሳን ስም እንደሆነ ስነግራቸው የኔ ልጆች የእኔንም ስም በቀይ ጻፉልኝ። ቅዱስ አይደለሁም ብል ማን ሰምቶኝ።

ጥያቄ (ከቺካጎ)፦ ያወጣሁትን ከታክስ ላይ ማስቀነስ እችላለሁ?

መልስ፦ ከፌዴራሉ አይቻልም። ለአስተማሪዎች የሚፈቀደው ቅናሽ በዓመት ቢያንስ 900 ሰዓት ትምህርት ቤት ለሚሠራ ነው። አንተ ግን ኢሊኖይ ነህ፤ ክፍለ ግዛቱ ለትምህርት ወጪ የሚያስብልህ ነገር አለ፣ ቤት ለሚያስተምርም ይሆናል። ደረሰኝ አትጣል።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ እኔም ልጄን ቤት ላስተምር እያሰብኩ ነው። ዕቃ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ዕቃውን አትግዢ። ጀርመን ውስጥ ልጅ ትምህርት ቤት መሄዱ ራሱ ግዴታ ነው፤ ቤት አስተምረዋለሁ ማለት አይቻልም። የእኔን ምክር ለቅዳሜና እሑድ አማርኛ አድርጊው። ለዳላሱ አባት የጻፍኩት ካርድ ላንቺም ይሆናል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ልጆቼ ክረምቱን ቤት ናቸው። የሥዕል ዕቃ ተወዷል። በምን ላጫውታቸው?

መልስ፦ ደብተርና እርሳስ ከጎረቤት ጋር ተዋጥታችሁ መርካቶ በደርዘን ግዙ። ቀለሙን ጓዳሽ ውስጥ ፈልጊ። እርድ በጥቂት ውሃ ደማቅ ቢጫ ይሆናል። የቡና አተላ ቡናማ ነው፤ ሲወፍርና ሲቀጥን ሦስት አራት ዓይነት ይወጣዋል። ቀይ ሥርም ያምራል፣ ግን ሲቆይ ይደበዝዛል። ከሰል ለጥቁር። ብቻ እርዱ ልብስ ላይ ከነካ አይለቅም፤ አሮጌ ቲሸርት አልብሻቸው።

ለጭቃ ሥራ ሁለት ኩባያ ዱቄትና አንድ ኩባያ ጨው ቀላቅለሽ ውሃ ቀስ እያልሽ ጨምሪ። አንድ ኩባያ ሳይሞላ ይበቃል። በክረምት ጨው እርጥበት ስለሚስብ ውጭ አይደርቅልሽም። ምድጃ አጠገብ አኑሪው። ውሻ ካለ ደግሞ አርቂው፤ ጨው ይጎዳዋል።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ነው ያለን። ይህን ሁሉ የት ላስቀምጥ?

መልስ፦ ጎማ ያለው ባለ ሦስት መደርደሪያ ጋሪ አንድ ይበቃል። ላይኛው የየቀኑ፣ መሀሉ ሥዕል፣ ታችኛው ትርፍ። ጋሪው ላይ ያልገባ አይገዛም። ለባሌም ይሄንኑ ነው ያልኩት፤ ዕቃ ስገዛ የሚያስቆመኝ እሱ ነው።

ጥያቄ (ያው ከሲያትል)፦ አንድ የመጨረሻ። ልጆቼ ለእንቁጣጣሽ ሥዕል ሠርተው ለዘመድ ሊያዞሩ ነው። ለ40 ሰው ምን ያህል ልግዛ?

መልስ፦ 12 ቅጠል ያለው የውሃ ቀለም ወረቀት አንድ ይበቃሻል። አራት አራት ቦታ ስትቆርጪው 48 ይወጣዋል፤ ስምንቱ ለተበላሸው። መስከረም 1 የሚውለው በሴፕቴምበር ሁለተኛ ሳምንት ስለሆነ የተራገፈው ዕቃ ላይ ትደርሻለሽ። ቢጫውን ግን ለብቻው ሁለት ግዢ። አደይ አበባ ሲጀምሩ ሌላው ቀለም ሳይነካ እሱ ያልቃል።