የሁለት እርከን መምህራን ኮርስ ለምን ይለያያል?

ጥያቄ፦ እኔ በባዮሎጂ ተመርቄ 2ኛ ደረጃ ለማስተማር እየተዘጋጀሁ ነው፤ እህቴ ደግሞ ለ1ኛ ደረጃ መምህርነት ትሠለጥናለች። ሁለታችንም መምህራን የምንሆን ከሆነ ኮርሶቻችን ለምን ይህን ያህል ተራራቁ? (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ ልዩነቱ የሚመነጨው ከተማሪው ዕድሜና መምህሩ ከሚሸከመው የትምህርት ዓይነት ብዛት ነው። እህትዎ ንባብን፣ ሒሳብንና ሳይንስን አጣምራ ለማስተማር ስለምትዘጋጅ፣ የኮርሶቿ ክብደት በልጆች ዕድገትና በማስተማር ዘዴ ላይ ያርፋል። ንባብ ማስተማር ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው፤ በተለይ በድሬዳዋ አማርኛ በፊደል ገበታ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ ግን በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ፣ «በ»ን እንደ አንድ ሙሉ ክፍለ ቃል የሚያስቆጥረው ዘዴ «b»ንና «a»ን አጣምሮ ለሚያነብ ልጅ አይሆንም። ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ለሚያስተምር መምህር የአንድ የትምህርት ዓይነት ጥልቀት ይበልጥ ይፈለጋል።

እርስዎ ባዮሎጂውን ይዘዋል፤ የቀረዎት ከዲግሪ በኋላ የሚሰጠው የማስተማር ሥልጠና፣ በተለምዶ ፒጂዲቲ የሚባለው ነው። ኦስሞሲስን (ውኃ በሴል ሽፋን አልፎ ጨው ወደሚበዛበት መሄዱን) ለማስረዳት የድንች ቁራጭ ጨው ውኃ ውስጥ መንከር ማንም ይችላል፤ ተማሪው «ጨው ድንቹን በላው» ሲል ስሕተቱ ከየት እንደመጣ መለየት ግን ልምምድ ይጠይቃል። በእኔ እምነት ትምህርት ቤት ወርደው የሚያከናውኑት የማስተማር ልምምድ (ፕራክቲከም) ከየትኛውም ንድፈ ሐሳብ ይበልጥ ይጠቅምዎታልና ለወጉ ብቻ አይለፉት።