ከተከላካይ ጥሩ አሰልጣኝ ይወጣል?

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች፤ የጅማ ከተማ፣ የቦሳ አዲስ ነዋሪ ስሆን በታችኛው ሊግ በሚወዳደር ክለብ ውስጥ በመሀል ተከላካይነት እጫወታለሁ። ዕድሜዬ 31 ስለሆነ ጫማዬን ከመስቀሌ በፊት ወደ አሰልጣኝነት ስለ መሸጋገር እያሰብኩ ነው። የቡድን ጓደኞቼ ግን «ተከላካይ ኳስ ከማራቅ በቀር ጨዋታ መሥራት አያውቅም፤ አሰልጣኝ የሚወጣው ከአማካይ ነው» ይሉኛል። ከተከላካይነት ወደ አሰልጣኝነት የተሸጋገረው የናይጄሪያዊው ስቴፈን ኬሺ ስም በዚህ ጉዳይ ተደጋግሞ ሲነሣ እሰማለሁ። የእርሱ ጉዞ እንደ እኔ ላለ ሰው ምን ይጠቅማል? እኔስ ከየት ልጀምር?
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከጅማ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ጓደኞችዎ የሚሉት በከፊል እውነት ቢሆንም ከእርሱ ተነሥተው የሚደርሱበት ድምዳሜ ግን ትክክል አይደለም። የመሀል ተከላካይ አብዛኛውን ጊዜ ሜዳው በሙሉ ከፊቱ ተዘርግቶለት ስለሚቆም፣ አማካዮቹ የት ላይ እንደተራራቁ፣ የተጋጣሚው አጥቂ ከማን ጀርባ ሊሾልክ እንዳሰበ፣ የመስመር ተከላካዩም ወደ ፊት ሄዶ ሳይመለስ የተወውን ክፍተት ከሌሎቹ ቀድሞ ያያል፤ ያየውንም ወዲያው በድምፁ ማስተላለፍ ግዴታው ነው። ለዓመታት ሲያይና ሲናገር የኖረ ሰው ከአሰልጣኝነት ሥራ ትልቁን ክፍል ሳይታወቀው ተለማምዷል። የሚጎድለው ቡድኑ ኳስ ከያዘ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለበት ማወቅ ነው፤ ይህም በትምህርት የሚሞላ ጉድለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1962 የተወለደው ኬሺ በ1984 እና በ1988 በአፍሪካ ዋንጫ ለፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም ጊዜ በካሜሩን ተሸንፏል። ከአይቮሪ ኮስት ወደ ቤልጂየም ተሻግሮ ለሎከረንና ለአንደርሌክት፣ ኋላም ለፈረንሳዩ ስትራስቡርግ ተጫውቷል። በ1994 ቱኒዚያ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደው የናይጄሪያ ቡድን አምበል እርሱ ነበር፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው በተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው። ለአንድ አምበል ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ምናልባትም ከብዙ ድል ይልቅ ለወደፊት ሥራው ያዘጋጀው ይኸው ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ልብ ብለው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። ስሙን ተማምኖ በቀጥታ ትልቅ ቡድን አልጠየቀም። ወደ አሜሪካ ሄዶ በካሊፎርኒያ እየተጫወተ የአሰልጣኝነት ትምህርት ተማረ፤ ቀጥሎም በናይጄሪያ ብሔራዊ ቡድን የአሰልጣኞች ስብስብ ውስጥ ሠራ፤ በ2001 ደግሞ የወጣቶቹን ቡድን ይዞ ወደ አፍሪካ ወጣቶች ዋንጫ ሄደ። ቶጎን በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ ያሳለፈው ይህን ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ሆኖም ቡድኑ በ2006 የአፍሪካ ዋንጫ የምድቡን ሦስት ጨዋታዎች በሙሉ ስለተሸነፈ ሥራው ተወሰደበት፤ ቶጎን በዚያው ዓመት በጀርመኑ የዓለም ዋንጫ የመሩት ኦቶ ፊስተር ነበሩ። ይህን ሳነብ ዛሬም አዝናለሁ፤ ወደዚህ ሙያ የሚገባ ሰው ግን አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል። ኬሺ ማሊን ካሠለጠነ በኋላ በ2011 የሀገሩን ቡድን ተረከበ።

የ2013ቱን የአፍሪካ ዋንጫ እኛ ኢትዮጵያውያን አንረሳውም፤ ናይጄሪያ በምድብ ጨዋታ 2 ለ 0 ያሸነፈችን በጨዋታው መገባደጃ በተገኙ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች ነበርና። በዚያ ውድድር ኬሺ አምበሉንና አንጋፋውን ተከላካይ ጆሴፍ ዮቦን አስቀምጦ በመሀል ተከላካይነት ያሰለፈው የ19 ዓመቱን ኬኔት ኦመሩዎንና ከሀገር ውስጥ ሊግ የመጣውን ጎድፍሬይ ኦቦአቦናን ነው። ራሱ ተከላካይና አምበል የነበረ፣ ወንበር ላይ መቀመጥንም የቀመሰ ሰው ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለውን ውሳኔ ወስኖ የመልበሻ ክፍሉን ሰላም መጠበቅ ይከብደዋል ብዬ አምናለሁ። በፍጻሜው ቡርኪና ፋሶን 1 ለ 0 ያሸነፈችበትን ግብ ያስቆጠረው ሰንዴይ ምባም ከሀገር ውስጥ ሊግ የተመረጠ ነበር። ኬሺ ከግብፃዊው ማህሙድ ኤል ጎሃሪ ቀጥሎ የአፍሪካን ዋንጫ በተጫዋችነትም በአሰልጣኝነትም ያነሣ ሁለተኛው ሰው ሆነ። በ2016 አረፈ።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ስንመለስ፣ ለመጀመር መጫወት እስኪያቆሙ አይጠብቁ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የአሰልጣኝነት ፈቃድ (ላይሰንስ) ከዲ ተነሥቶ በሲ፣ በቢና በኤ አልፎ እስከ ፕሮ ስለሚደርስና አንዱን ደረጃ ከጨረሱ በኋላ በሥራ ላይ መቆየት ስለሚጠይቅ፣ ዘግይቶ የጀመረ ሰው ዓመታት ይባክኑበታል። ስለ ኮርሶቹ ጊዜ ክለብዎ ከፌዴሬሽኑ እንዲያጣራልዎ ይጠይቁ። ከዚያም ጎን ለጎን በክለብዎ ወይም በሰፈርዎ ያለ የታዳጊዎች ቡድን በረዳትነት እንዲቀበልዎ ያመልክቱ። ጅማ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት፤ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት በአሰልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ መሪነት ዋንጫ ሲያነሣ ያዩ ልጆች ዛሬ በየሜዳው አሉ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ላስጠንቅቅዎ። በሜዳ ውስጥ ስሕተትን በጩኸት ወዲያው ማረም ይቻላል፤ ከመስመሩ ውጪ ቆሞ የሚጮኽ አሰልጣኝ ግን ልጆቹን ራሳቸው እንዳያስቡ ያደርጋቸዋል። ቅዳሜ የሚጮኹበትን ነገር ማክሰኞ በልምምድ ላይ ሊያስተምሩት ይገባል። ከተከላካይነት የመጡ አሰልጣኞች ልምምዱን ሁሉ ወደሚያውቁት ወደ መከላከል የማድላት ልማድ ስላላቸው፣ በመጀመሪያው ዓመት የማጥቃቱን ልምምድ አጥቂ ወይም አማካይ ለነበረ ባልደረባ ሰጥተው እርስዎ በጥሞና ይከታተሉ፤ ልጆቹ ኳስ ከተቀበሉ በኋላ ወዴት እንደሚመለከቱና ማን ሳይጠራ እንደሚሮጥ በማስታወሻ ይያዙ፤ በሁለተኛው ዓመት ልምምዱን ራሱን እርስዎ ይምሩት።