«ቁልፉን ይጫኑ»፦ የትኛውን?

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤታችን ሌሊት ሌሊት የመጠባበቂያ ፋይሎችን በኤስኤስኤች (ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር በምስጢር በሚያገናኘው ዘዴ) ወደ ሩቅ ሰርቨር የሚልክ ስክሪፕት አለ። ለአዳዲስ ሠራተኞች መመሪያ ስጽፍ «ይፋዊ ቁልፉን ሰርቨሩ ላይ ይጫኑ፤ ከዚያም ፋይሎቹን ያዛውሩ» አልኩ። አንዱ «የትኛውን ቁልፍ ነው የምጫነው?» ብሎ ኪቦርዱን አየ። ሌላዋ ደግሞ ፋይሎቹ ካሉበት የሚጠፉ መስሏት ፈራች። ስሕተቴ የት ላይ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ያነበቡት የተጻፈውን ነው። «ይጫኑ» ላይ ሁለት ግሦች አንድ መልክ ይዘው ይገናኛሉ። «ጫነ» (ጭነት ጫነ፣ ፕሮግራም ጫነ) በአንቱታ ሲታዘዝ «ይጫኑ» ነው፤ «ጫ» ላልቶ ይነበባል። «ተጫነ» (ደወሉን ተጫነ) በአንቱታ አሁንም «ይጫኑ» ነው፤ እዚህ ግን «ጫ» ይጠብቃል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ለጆሮ ግልጽ የሆነው ለዓይን ይደበዝዛል። በአንተታ «ጫን» እና «ተጫን» ስለሚለያዩ ጉዳዩ አይታወቅም፤ መመሪያ ግን በአብዛኛው በአንቱታ ነው የሚጻፈው።

ነገሩን ያባሰው ስሙ ነው። «ቁልፍ» ከ«ቆለፈ» የወጣ ነው፤ የሚቆልፈውንም፣ የሚከፍተውንም፣ የሸሚዙንም፣ የኪቦርዱንም በእሱ እንጠራለን። ይሁን እንጂ ይህ አሻሚነት ለኤስኤስኤች ይመቻል፤ የሚሠራው በጥንድ ቁልፍ፣ በይፋዊና በግል፣ ነውና። ይፋዊ ቁልፍ የሚባለው ሰርቨሩ በር ላይ የሚንጠለጠል ቆላፊ ነው፤ ማንም ቢያየው ጉዳት የለውም። የግሉ ግን መክፈቻ ነው፤ ከላኪው ኮምፒውተር መውጣት የለበትም። ስለዚህ «ይፋዊ ቁልፍ» እና «የግል መክፈቻ» ቢሉ ሠራተኛው የትኛውን ለሌላ መስጠት እንደሚችል ከስሙ ይረዳል። ስያሜው እንግዳ ከመሰለዎ መግቢያው ላይ አንዴ ያብራሩት።

ግሡስ? ይፋዊ ቁልፍ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ «ኦቶራይዝድ ኪይስ» (የተፈቀዱ ቁልፎች) በሚባለው ፋይል ውስጥ ይገባል። «ያስገቡ» እንዳይሉ የይለፍ ቃል ለመጻፍም የምንለው ይህንኑ ነው። «ይጨምሩ» ይበሉ። ቃሉ የነበሩት መስመሮች እንደሚቆዩም ይናገራል፤ ፋይሉን እንዳለ የተካ ሰው የሌሎችን መግቢያ ይዘጋልና።

«የይለፍ ቃል» እና «የይለፍ ሐረግ» ደግሞ አይቀላቀሉ። የመጀመሪያውን የሚጠይቀው ሰርቨሩ ነው፤ ሁለተኛው በራስ ኮምፒውተር ያለውን የግል መክፈቻ የሚፈታ ነው። የመክፈቻው ፋይል ፈቃድ 600፣ ማለትም ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፍበት ይሁን። ለሌላ ተጠቃሚ ክፍት ከሆነ ኤስኤስኤች ይተወዋል፤ ሰርቨሩ ከፈቀደም ወደ የይለፍ ቃል ጥያቄ ይዞራል፤ ሌሊት ደግሞ መላሽ የለም። ስክሪፕቱ ላይ «ባች ሞድ» (ሰውን ምንም እንዳይጠይቅ የሚያዘው ቅንብር) «የስ» ከተባለ መልስ ሲጠብቅ አያድርም፤ ወዲያው በስሕተት ይወጣል።

አሁን ወደ «ያዛውሩ»። ሠራተኛ ሲዛወር የቀድሞ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፤ ባልደረባዎ የፈሩት ትክክል ነው። በኤስኤስኤች ፋይል የሚልኩት ፕሮግራሞች፣ ኤስሲፒም ሆነ ኤስኤፍቲፒ፣ የሚልኩት ቅጂ ነው፤ ዋናው ካለበት አይነቃነቅም። «ቅጂውን ይላኩ» ይበቃል። «ማዛወር» የሚገባው አርሲንክ የተባለው ሌላ ፋይል መላኪያ ልኮ ሲጨርስ ምንጩን እንዲያጠፋ ሲታዘዝ ብቻ ነው።

«ከ» እና «ወደ» ላይም ይጠንቀቁ። በአማርኛ «ወደ ሰርቨሩ ከዚህ ላከ» ብንል ትርጉም አይዛባም፤ አቅጣጫውን የያዙት «ከ» እና «ወደ» ናቸው። ኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፈው ትእዛዝ ግን እነዚህ የሉትም፤ ያለው ቅደም ተከተል ብቻ ነው፤ ምንጩ ይቀድማል፣ መድረሻው ይከተላል። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ ኤስሲፒ ሳይጠይቅ አሮጌውን ፋይል በአዲሱ ላይ ይጽፋል። መመሪያው ውስጥ ሁልጊዜ «ከ» ይቅደም።

አርሲንክ ላይ አንዲት እዝባርም (/) የሰዋስው ሥራ ትሠራለች። በምንጩ ስም መጨረሻ ካለች «በፎልደሩ ውስጥ ያሉትን»፣ ከሌለች «ፎልደሩን ራሱን» ማለት ነው። «ፎልደሩን ይላኩ» ብቻ ካሉ ግማሹ ሠራተኛ ፎልደር ውስጥ ፎልደር ይፈጥራል።

አዲስ ሰርቨር ጋር መጀመሪያ ሲገናኙ ኤስኤስኤች የሰርቨሩን አሻራ (የራሱን ቁልፍ አጭር መለያ) እያሳየ ይቀጥል እንደሆነ ይጠይቃል። ብዙ መመሪያ «እሺ ይበሉ» ይላል። እኔ «ያመሳክሩ» እላለሁ፤ ሰነድ ከዋናው ጋር የምናስተያይበት የጽሕፈት ቤት ቃል ነው። አሻራውን ከሰርቨሩ አስተዳዳሪ በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በስልክ፣ ተቀብሎ ፊደል በፊደል ማስተያየት ማለት ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገርዎ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ «የሰርቨሩን አሻራ ያመሳክሩ፤ ይፋዊ ቁልፉን በሰርቨሩ ፋይል መጨረሻ እንደ አዲስ መስመር ይጨምሩ፤ ከዚያም የፋይሎቹን ቅጂ ከዚህ ወደ ሰርቨሩ ይላኩ።»