ሸክላው የሚዞረው ድሬ ላይ ከሆነ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ከሚኒያፖሊስ ደወለች። «ጋሼ፣ ለእማዬ ሳሎን ስቴሪዮ ልገዛ ነው። ሸክላም የሚያጫውት፣ ቴሌቪዥንም የሚገናኝበት። የቱን ልግዛ?» አለችኝ። የሦስት ዕቃ ፎቶ ልካልኝ ነበር። አላየሁትም። «ቆይ፣ ይሄ ዕቃ የሚኖረው የት ነው? አንቺ ጋ ወይስ ድሬ?» አልኳት። «ድሬ» አለች። እንግዲያው ነገሩ ሌላ ነው።

እኔ 22 ዓመት ሰሜን አሜሪካ ኖሬ ነው ወደ ድሬዳዋ የተመለስኩት። ሳቢያን ሠፈር ባለው ቤቴ አሁን የሚዘፍነው ስቴሪዮ ሦስተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ባለማወቄ፣ ሁለተኛው በመብራት ሄደ።

የመጀመሪያውን ልንገራችሁ። እዚያ ካንድ ያገለገለ ዕቃ ሱቅ በርካሽ ያገኘሁት፣ በቀበቶ የሚዞር የድሮ ሸክላ ማጫወቻ ነበር። የእንጨት ገላው ፊት ያሳያል። 120 ቮልት መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ትራንስፎርመር ገዛሁ። ያወቅኩ መስሎኝ። ጎረቤት ተጠራ፣ ቡና ተፈላ። የብዙነሽ በቀለን ሸክላ አስቀምጬ መርፌውን አወረድኩ። ከስፒከሩ የወጣው ወንድ ነው። ያውም እንቅልፍ የተጫጫነው ወንድ። ጎረቤቴ የሸክላውን ልባስ አንስቶ አነበበ፣ ቀና ብሎ አየኝ። «አቦ፣ ይሄ የብዙነሽ ወንድም ነው?»

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የሰሜን አሜሪካ መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። የኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ኸርዝ ማለት ኮረንቲው በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀይራል እንጂ ኸርዙን አይነካውም። ብዙዎቹ የድሮ ማጫወቻዎች ደግሞ ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ነው። ስለዚህ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ መዞር ያለበት ሸክላ 27.8 ገደማ ላይ ይቀራል። 45 የሚዞረው ወደ 37.5 ይወርዳል። ፒያኖ ላይ ነጩንም ጥቁሩንም ብትቆጥሩ ድምፁ ሦስት ቁልፍ ያህል ወረደ ማለት ነው። ብዙነሽ ወንድ ብትሆን ምን ይገርማል።

ሳዑዲ ያላችሁ የድሬና የሐረር ልጆች እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። የሳዑዲ ቮልት ከኛ ጋር ስለሚቀራረብ ሰው ይዘናጋል። ኸርዙ ግን 60 ነው። ዱባይና አውሮፓ ያላችሁ 50 ስለሆናችሁ በዚህ በኩል ሰላም ናችሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከስልክ ቻርጀር ጋር የሚመሳሰል ትንሽ አዳፕተር ያለው ማጫወቻ ግዙ። አዳፕተሩ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አጉሉት። መግቢያው ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ፣ መውጫው ደግሞ ዲሲ የሚል ከሆነ የትም ብትወስዱት በልኩ ይዞራል። አምፕሊፋየሩንም፣ ማለትም ድምፁን አጉልቶ ለስፒከሩ የሚሰጠውን ሳጥን፣ እንዲሁ ከጀርባው እዩት። 120 ብቻ የሚል ከሆነ እዚያው ተዉት። ሰሜን አሜሪካ ያላችሁ እንዲያውም ስፒከሩንና ማጫወቻውን ከዚያ፣ አምፕሊፋየሩን ደግሞ በ220 ከሚሸጥበት አገር ብታስመጡ ይሻላል። ዱባይ የሚመላለስ ዘመድ የሌለው የድሬ ሰው የለም።

ሁለተኛው የሄደው በክረምት ማታ ነው። መብራት ጠፋ። እኛም ሻማ አብርተን ወሬያችንን ቀጠልን። ሲመለስ አምፖሉ መጀመሪያ ቦግ አለ፤ ከልክ በላይ ቦግ። ሽታው ቀድሞ መጣ፣ ጭሱ ተከተለ። ስቴሪዮው ከስታቢላይዘር ጋር አልተያያዘም ነበር። ፍሪጁ ስታቢላይዘር አለው፣ ስቴሪዮው የለውም። ይሄን ስህተት ግማሽ ከተማ ይሠራዋል። በጀታችሁ ውስጥ ስታቢላይዘር ይግባ፤ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ ዓይነት። መብራት ሲጠፋም ሶኬቱን መንቀል ለቤተሰቡ አስተምሩ።

አሁን ወደ ግዢው። ከስታቢላይዘሩ ሌላ 1000 ዶላር አላችሁ እንበል። እኔ ብሆን 450ውን ለስፒከር፣ 300ውን ለአምፕሊፋየር፣ 250ውን ለማጫወቻው እመድባለሁ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል። ማጫወቻው ስለሚያምር ገንዘቡ እዚያ ያልቅና ስፒከሩ ከተረፈው ይገዛል። የምትሰሙት ግን ስፒከሩን ነው። ቴሌቪዥኑም የሚናገረው በሱ ነው። ባለ 5 ወይም ባለ 6 ኢንች ተኩል ጥንድ ስፒከር ለአንድ ሳሎን ይበቃል። እዚህ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ብትገቡ ካርቶኑ ላይ 5000 ዋት የሚል ታያላችሁ። እሱ ለካርቶኑ ነው። እውነተኛ ከ30 እስከ 50 ዋት ለእያንዳንዱ ስፒከር ጎረቤት ያስቀይማል።

ሻንጣ የሚመስለውን፣ ስፒከሩ እዚያው የተገጠመለትን ማጫወቻ አደራ እንዳትገዙ። ሲያዩት ያምራል። ግን አንዳንዱ መርፌውን በ5 ግራምና ከዚያ በላይ ሸክላው ላይ ይጭነዋል። ደህና ማጫወቻ 2 ግራም ገደማ ነው የሚጭነው። አባታችሁ ያስቀመጡላችሁን ሸክላ እያረሳችሁ ነው ማለት ነው።

አምፕሊፋየር ውስጡ የተገጠመለት ስፒከርም አለ፤ ሽቦው ያንሳል፣ ቦታ አይፈጅም። ውጭ ላላችሁበት አፓርትመንት እኔም እመክረዋለሁ። ለድሬ ግን አምፕሊፋየሩ ለብቻው ቢሆን እመርጣለሁ። ሲበላሽ ሳጥኑን ብቻ አንስቶ ከዚራ ሠፈር ወዳለ ራዲዮ ጠጋኝ መሄድ ይቻላል። እንዲህ ያለውን ሳጥን ከፍቶ የማያውቅ ጠጋኝ የለም።

እግረ መንገዴን፣ እዚያ ሱቅ ውስጥ ሬዲዮ ያለበትን አምፕሊፋየር ሪሲቨር ይሉታል። እኛ ጋ ሪሲቨር የዲሽ ነው። አንድ ወዳጄ ለወንድሙ «ሪሲቨር ይዤ እየመጣሁ ነው» ብሎ ደወለ። ወንድምየው «ያለን ይበቃናል፣ ይልቅ ጫማ አምጣልኝ» አለው።

ከመግዛታችሁ በፊት አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ ሁለት ቀዳዳ ፈልጉ። አንደኛው ፎኖ የሚል፣ የሸክላ ማጫወቻው የሚሰካበት ነው። ከመርፌው የሚወጣው ሲግናል 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ከዲቪዲ ማጫወቻ የሚወጣው እስከ 2 ቮልት ይደርሳል። ያለ ፎኖ ብታገናኙት ትንኝ ይመስላል። ሌላም ነገር አለ። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል። ያለዚያ መስመሩ ይሰፋና ሸክላው ብዙ ዘፈን አይዝም። ፎኖው ይህን መልሶ ያስተካክለዋል። ማጫወቻው ራሱ ፎኖ ካለው ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ተጠቀሙ፤ ሁለቱ ከተደረቡ ድምፁ ይሰነጠቃል። ከማጫወቻው ጀርባ ቀጭን የግራውንድ ሽቦ ካለችም አምፕሊፋየሩ ላይ እሰሯት። ካልታሰረች ቤቱ ውስጥ የንብ ቀፎ ያለ ይመስላል።

ሁለተኛው ቀዳዳ ለቴሌቪዥኑ ነው። ድምፁን በብርሃን የሚያስተላልፈው ኦፕቲካል ገመድ ይሠራል። ግን ለእናታችሁ ቤት ከሆነ ኤችዲኤምአይ ኤአርሲ፣ ማለትም የቴሌቪዥኑን ድምፅ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚመልስ ቀዳዳ፣ ያለውን ፈልጉ። ልዩነቱ ሪሞቱ ላይ ነው። በኦፕቲካል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ መጨመሪያው የአምፕሊፋየሩ ሪሞት ነው። የቴሌቪዥኑ አንድ፣ የዲሹ ሁለት፣ የአምፕሊፋየሩ ሦስት። እህቴ ሦስት ሪሞት አሳቅፋችኋት ዜና የምታይ ከመሰላችሁ አታውቋትም። በኤአርሲ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ድምፁንም ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ገመዱን ቴሌቪዥኑ ላይ ኤአርሲ የተጻፈበት ቀዳዳ ውስጥ መሰካት ነው፤ ሌላኛው ውስጥ ብትሰኩት ዝም ይላል።

ሁሉም ተሰክቶ አሁንም ዝም ካለ የቴሌቪዥኑን የድምፅ ሴቲንግ ክፈቱና ዲጂታል መውጫውን ፒሲኤም አድርጉት። ዶልቢ ላይ ከተተወ ባለ ሁለት ስፒከር አምፕሊፋየር ብዙ ጊዜ አይገባውም። በዚህች አንዲት ሴቲንግ ምክንያት «ዕቃው ተበላሽቷል» ብሎ የደወለልኝ ሰው ብዛት! ብሉቱዝ ደግሞ ለዘፈን እንጂ ለቴሌቪዥን አይሁን። ድምፁ ስለሚዘገይ ተዋናዩ አፉን ከዘጋ በኋላ ነው የሚናገረው።

አቀማመጡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ የተጻፈ መመሪያ አይሠራምና። መመሪያው ስፒከሩ በጆሮ ትክክል ይሁን ይላል። በሶፋ አስቦ ነው የጻፈው። ድሬ ከሰዓት በኋላ ሰው ሶፋ ላይ የለም። ፍራሽ ላይ ነው፣ ትራስ ተደግፎ። ስፒከሩ ደግሞ ቡፌ ላይ ይወጣል። ድምፁ በሰው ጭንቅላት ላይ አልፎ መስኮቱን ያዝናናል። ስለዚህ ዝቅ ያለ መቆሚያ አሠሩለት፤ የሠፈር አናጺ ይሠራዋል። ቡፌ ላይ መቅረቱ ግድ ከሆነ ከኋላው ትንሽ እንጨት አስገቡና ፊቱን ወደ ታች አዘንብሉት። ማጫወቻው ስፒከሩ ያለበት ቡፌ ላይ አይቀመጥ። የስፒከሩ ንዝረት በመርፌው ተመልሶ ይገባና ማጓራት ይጀምራል። ግድግዳ ላይ የተመታ መደርደሪያ ከሁሉም ይሻላል።

የሲሚንቶ ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ድምፅ ያስተጋባሉ። ምንጣፍ፣ ፍራሽና ወፍራም መጋረጃ ያረግቡታል። የሐረር የጥንቱ ቤት በዚህ በኩል የታደለ ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ መደቡ በምንጣፍ የተሸፈነ፣ ግድግዳው ላይ ስፌት የተሰቀለ። ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ሳህኖች ግን ባስ ሲመጣ አብረው ይዘፍናሉ። ሐረር ያለ አማቼ ቤት ከሳህኖቹ ጀርባ ጥጥ ወትፈን ነው የተገላገልነው።

ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ሐረር ከፍ ያለ ስለሆነ ይቀዘቅዛል፤ ድሬ በግንቦትና በሰኔ 35 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። ሸክላ ፕላስቲክ ነው። መስኮት ሥር ወይም ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ ከተተወ እንደ እንጀራ ጠርዙ ይነሳል። አቁማችሁ ደርድሩ፣ አታነባብሩ። አቧራውን ሁልጊዜ ከማጫወት በፊት በካርቦን ፋይበር ብሩሽ ጥረጉ። ትርፍ መርፌም ይዛችሁ ኑ። የተለመደው መርፌ እንደ ዓይነቱ ከ300 እስከ 500 ሰዓት ያገለግላል፤ ለማጫወቻችሁ የሚሆነውን እዚህ ገበያ መፈለግ ልብ ያደርቃል።

ከእናታችሁ ሳጥን ሥር ከባድና ተሰባሪ ሸክላ ካገኛችሁ፣ በደቂቃ 78 የሚዞረው የጥንቱ ሊሆን ይችላልና በተራው መርፌ አትሞክሩት። መስመሩ ሰፊ ነው፤ የራሱ መርፌ አለው።

ስትጭኑ የሚዞረውን ሳህን አውጥታችሁ ለብቻው ጠቅልሉ። ከክንዱ ኋላ ያለውን ክብደት ፍቱት፣ የመርፌውን ክዳን ግጠሙ፣ ክንዱን እሰሩት። ሸክላዎቹን በእጅ ያዙ። ስፒከሮቹ 23 ኪሎው ሻንጣ ውስጥ በጋቢ ተጠቅልለው ይገባሉ፤ ጋቢውን ደግሞ እዚህ የሚፈልገው አይጠፋም።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ዳንቴል። ሁሉን አስተካክላችሁ፣ ተሰናብታችሁ፣ አውሮፕላን ገብታችኋል። እናታችሁ ይህን የመሰለ ዕቃ ራቁቱን አይቆምም ብላ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል አምፕሊፋየሩ ላይ ታለብሰዋለች። ከላዩም የአበባ ማስቀመጫ። ሙቀቱ የሚወጣው ደግሞ በዚያው በላይኛው ቀዳዳ ነው። የኔን እጄን ባስቀምጥበት አቃጠለኝ። «አታልብሺው» ማለት አይሠራም፤ ሞክሬዋለሁ። ለእህቴ ልጅ የነገርኳት፣ የፕላስቲክ ክዳን ያለው ማጫወቻ እንድትገዛ ነው። ዳንቴሉ እዚያ ክዳን ላይ ይሁን። አቧራ ይከላከላል፣ ያምራልም። አበባው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይሂድ።